መኪናው ለምን ይታሰራል?



ከየካ ሠፈሮች ተነሥቶ የእንጦጦን ጠመዝማዛ አስፋልት በአሮጌ ላንድክሩዘር የወጣ ሰው፣ በመታጠፊያው ላይ መሪው ሲከብደው፣ መኪናውም ፍሬን እንደ ተያዘበት ሲጎተትና ከሥሩ ሲንቋቋ አይቶ ይሆናል። ብዙ ባለመኪና ይህን ጊዜ «ካምቢዮው አለቀለት» ብሎ ደመወዙን ለማፍሰስ ይቸኩላል። ነገር ግን ከመፍታት መመርመር ይቀድማል።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳሉ። ቶዮታ በ1960 እ.ኤ.አ. መሥራት በጀመረው ባለ 40 ቁጥር ላንድክሩዘር ግን አራቱ ጎማዎች በኃይል ሲያያዙ ፊትና ኋላ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ ልዩነቱን የሚያቻችል መካከለኛ ዲፈረንሻል የለውምና። በጭቃና በጠጠር ላይ ጎማው ጥቂት እየተንሸራተተ ጭንቀቱን ያስተነፍሰዋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጭንቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ዘንጎቹን እንደ ገመድ ያከርራቸዋል፤ ሲብስም ይሰብራቸዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የአራት ጎማው ማስገቢያ ዘንግ እንደ ገባ ቀርቶ እንደ ሆነ ይታይ። አልወጣ ካለ፣ ለጥ ባለ ስፍራ ጥቂት ወደ ኋላ መንዳት ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። ቀጥሎ የጎማዎቹ ልክ ይመርመር፤ ፊት አዲስ ኋላ ያለቀ ጎማ ከሆነ፣ አራቱ በተያያዙ ጊዜ በቀጥታ መንገድ እንኳ ያንኑ እስራት ያመጣል። ዘንጉ ወጥቶም ሕመሙ ካልተወ ያን ጊዜ ወደ መካኒክ መሄድ ይገባል።