የአረጋውያንን ማዕከል ለማስተዳደር ምን መማር ያሻል?

ከእንጦጦ ተራሮች በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአያት አካባቢ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ ሲመሠረት መነሻው ርኅራኄ ነበር። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ቤት ማስተዳደር ከርኅራኄ ሌላ ምን ዕውቀት ይጠይቃል?

የአልጋ ቁስልን ብቻ እንመልከት። መንቀሳቀስ የተሳነው አረጋዊ ሳይገላበጥ ሲቆይ፣ በአጥንቱና በፍራሹ መካከል የተጨመቀው ሥጋ ጥቃቅን የደም ሥሮቹ ይዘጉበታል፤ ኦክስጅን ያጡት ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። በተለመደው አሠራር በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ ከተባለ፣ በቀን 12 ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ 40 ሰዎች ቢኖሩ 480 ጊዜ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት አስታማሚዎች 5 ደቂቃ ቢወስድባቸው፣ የ10 ሠራተኞች ሙሉ የሥራ ቀን በዚህ ብቻ ያልቃል፤ ምግቡና እጥበቱ ገና ነው። ሌሊቱንስ ማን ይሸፍናል?

ይህን አስቀድሞ ማስላት የአስተዳዳሪው ድርሻ ነው። በአሜሪካ የመንከባከቢያ ቤት አስተዳዳሪዎች የሥራ ፈቃድ እንዲኖራቸው የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነበር። ሥልጠናው የአረጋውያንን ጤና፣ የሠራተኛ ምደባን፣ ሒሳብንና የነዋሪዎችን መብት ያካትታል። በእኛ ዘንድ ለዚህ ሥራ የሚቀርቡት ነርሶችና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ናቸው። ለእነርሱ የመጀመሪያው ትምህርት፣ በእኔ ግምት፣ አንድ ሌሊት ከአስታማሚዎች ጋር ሰዓት ይዞ ማደር ነው።