የከርሰ ምድሩን ቁጥር የሚናገሩ መሐንዲሶች

ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ የተኛ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ዘይቱ ያለው ግን ዐለት ውስጥ፣ ዐይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ታምቆ ነው። በዓለም ደረጃ በአማካይ የሚወጣው ሲሶ ያህሉ ሲሆን ሌላው እዚያው ይቀራል። ስንት ይወጣል? በስንት ጉድጓድ? በስንት ዓመት? መልስ የሚጠበቀው ከሪዘርቮየር (የከርሰ ምድር ክምችት) መሐንዲሱ ነው።

የሙያው መሠረት የተጣለው በውኃ ነው። ለዲዦን ከተማ ውኃ ያዳረሰው ፈረንሳዊው ሄንሪ ዳርሲ፣ ውኃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1856 ያሳተመው ሕግ ዛሬም የስሌቱ ምሰሶ ነው። ዐለት ፈሳሽ የማሳለፍ ዐቅሙ የሚለካውም በዳርሲ ስም ነው። አሁን ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ መሐንዲሱ ሞዴሉን ካለፈው ምርትና ግፊት ጋር እስኪገጥም ያስተካክለዋል። ችግሩ፣ ያለፈውን እኩል የሚያስረዱ ሁለት ሞዴሎች ስለ መጪው ፈጽሞ ላይስማሙ ይችላሉ። ስለዚህ ጥሩ መሐንዲስ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ዝቅተኛውን፣ መካከለኛውንና ከፍተኛውን ግምት ያቀርባል።

ሙያተኛው ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ወይም ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ይመረቅና ሂዩስተን፣ አበርዲን፣ ስታቫንገር ወይም ዳህራን ሊዘዋወር ይችላል። አብዛኛው ሥራ ቢሮ ውስጥ ነው። ደመወዙ ዳጎስ ያለ ቢሆንም ከነዳጅ ዋጋ ጋር የታሰረ ነው፤ ዋጋው በ1986፣ በ2014 እና በ2020 ሲወድቅ ብዙ ባለሙያ ሥራውን አጥቷል።

ከባዱ ፈተና ግን ቁጥሩ ሲጠየቅ ይመጣል። በጥር 2004 የነዳጅ ኩባንያው ሼል፣ በእርግጠኝነት ይወጣል ብሎ ካስመዘገበው ክምችት 3.9 ቢሊዮን በርሜል ያህሉን ከዚያ መደብ አወጣ፤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ሊቀ መንበሩም በመጋቢት ከሥልጣን ወረዱ። ለአክሲዮን ገበያ የሚቀርብ ግምት ከፍ እንዲል የሚገፋው ብዙ ነው።

ለዚህም ነው ቁጥሩን ከመንግሥት ወገን ሆኖ የሚመረምር ሰው የሚያስፈልገው። የኢራቁ ጂኦሎጂስት ፋሩክ አል-ቃሲም ለዚህ ከሁሉ የላቀ ምሳሌ ይመስለኛል። የልጁን ሕመም ለማሳከም በ1968 ኖርዌይ ገባ፤ የአገሪቱ መንግሥትም የሰሜን ባሕርን የቁፋሮ ውጤቶች እንዲመረምር ቀጠረው። በ1969 ኤኮፊስክ የተባለው የነዳጅ መስክ ተገኘ። ዘይቱን የያዘው ጠመኔ መሳይ ነጭ ዐለት ነው፤ መጀመሪያ ከዘይቱ ከ20 በመቶ በታች ብቻ ይወጣል ተብሎ ነበር። አል-ቃሲም በነዳጅ ዳይሬክቶሬቱ የሀብት አስተዳደር ኃላፊ ሆኖ፣ መስኩን የሚያለማው ኩባንያ ውኃ ወደ ዐለቱ እንዲያስገባ ወተወተ። ዘይቱ ሲወጣ ዐለቱ እየተጨመቀ የባሕሩ ወለል ሰምጦ ስለነበር፣ በ1987 የባሕር ላይ መድረኮቹ በ6 ሜትር ከፍ ተደረጉ። ሰፊው የውኃ ማስገባት ሥራም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ዛሬ የሚጠበቀው ከዘይቱ ግማሽ በላይ ነው።

በኢትዮጵያም፣ በኦጋዴን ባሉት የካሉብና የሂላላ የጋዝ መስኮች አሜሪካዊው ኩባንያ ቴኔኮ፣ ሶቪየቶችና ቻይናውያን በየተራ ሠርተዋል። ጉድጓዱን ማን ቆፈረው ከሚለው ይልቅ የግፊቱን መረጃ ማን አነበበው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያሳስበኛል። ምርቱ የሚከፋፈለው በውል ነው፤ ውሉ የሚታሰበውም በክምችቱ ግምት ላይ ነው።

ሙያው በነዳጅ ብቻ አይወሰንም። በኖርዌይ ስላይፕነር የጋዝ መስክ ከ1996 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በታች ይቀበራል፤ ጋዙ ወዴት እንደሚሄድ የሚከታተሉት እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው። በኢትዮጵያው የአሉቶ ላንጋኖ የጂኦተርማል (የምድር እንፋሎት ኃይል) መስክም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የጠለቁ ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ የበለጠ ሙቀት አሳይተዋል። እንፋሎቱ ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ የሚሰላው በዚያው በዳርሲ ሕግ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያንም ይህን ስሌት የተማሩት በ1979 አይስላንድ ውስጥ በተጀመረው የጂኦተርማል ሥልጠና ነው።