የዱር እንስሳት ጥበቃ ገንዘብ ከማን ወጥቶ ማን ዘንድ ይደርሳል?

በጃቢ ጠህናን እና በቡሬ ዙሪያ ወረዳዎች በቆሎ እሸት መያዝ ሲጀምር ማሳ ያለ ጠባቂ አይውልም፤ አያድርም። ቀን ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ዝንጀሮና ጦጣ ይከላከላሉ። ሌሊት ደግሞ አባወራው ጃርትና የዱር አሳማ እንዳይገባበት እሳት አንድዶ ያድራል። ወቅቱ ትምህርት ቤቶች በራቸውን የሚከፍቱበት በመሆኑ ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ከክፍል ይቀራል። ይህ ሁሉ በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይሰፍርም፤ ነገር ግን ወጪ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃን ዋጋ በቅድሚያ የሚከፍለው ከጫካውና ከገደሉ አጠገብ የሚያርሰው አርሶ አደር ነው።

በሌላ በኩል መንግሥት ለዚሁ ጥበቃ በየዓመቱ ገንዘብ ይመድባል፤ ከፓርክ መግቢያና ከአደን ፈቃድም ገቢ ይሰበስባል። ይህ ገንዘብ በማን እጅ ያልፋል? ማንስ ይቆጣጠረዋል? የፍኖተ ሰላም ግብር ከፋይ ነጋዴም ሆነ የገጠሩ አርሶ አደር ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

የገንዘቡ ሦስት ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ የመንግሥት በጀት ነው። በፌዴራል ደረጃ የዱር እንስሳት ጥበቃን የሚመራው ባለሥልጣን በዐዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመ ሲሆን፣ በጀቱን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በክልል ደረጃ የክልሉ ምክር ቤት ያጸድቃል። ወረዳዎችም ከክልሉ የሚደርሳቸውን ድጎማና የራሳቸውን ገቢ ይዘው በወረዳ ምክር ቤት ያስጸድቃሉ። በምዕራብ ጎጃም እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ ብሔራዊ ፓርክ ስለሌለ፣ ለዱር እንስሳት የሚውለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በደንና በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ውስጥ ተካትቶ የሚገኝ ነው። ለብቻው ተነጥሎ ካልታየም ለመከታተል ያስቸግራል።

ሁለተኛው ምንጭ ከራሱ ከዱር እንስሳቱ የሚገኝ ገቢ ነው፤ የጎብኚዎች መግቢያና የአደን ፈቃድ ክፍያ በዚህ ይመደባሉ።

ሦስተኛው የለጋሽ ድርጅቶች ድጋፍ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113 የድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የድንጋጌው ዓላማ በተጠቃሚው ስም የመጣ ገንዘብ በቢሮ ኪራይና በደመወዝ አልቆ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

ከአደን የሚገኘው ገቢ

በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። በ1999 ዓ.ም የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን አድርጎ፣ ሕጉን የሚተላለፍ ሰው በገንዘብና በእስራት እንደሚቀጣ አስፍሯል። ሕጋዊው አደን የሚካሄደው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ነው። በአርሲና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች የሚገኙት ሙንሳ ኩኬ፣ አባሸባ ደመሮና ሐንቶ ከነዚህ መካከል ሲሆኑ፣ ከውጭ የሚመጡ አዳኞች በኢትዮጵያ ብቻ ለሚገኘው የደጋ አጋዘን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ።

አሠራሩ በቆጠራ ይጀምራል። በቀበሌው ምን ያህል እንስሳ እንዳለ ተቆጥሮ፣ በዓመት ስንት ያረጁ ወንዶች ቢታደኑ መንጋው እንደማይጎዳ ይወሰናል፤ ይህም ኮታ ይባላል። አዳኙ ክፍያውን ፈጽሞ ፈቃድ ይወስዳል፤ ከተቆጣጣሪ ባለሙያ ጋርም ይሰማራል። ሲሠራበት በቆየው ክፍፍል መሠረት ከገቢው 85 በመቶው ለክልሉ፣ 15 በመቶው ለፌዴራል መንግሥት ይሆናል።

ቁጥጥሩ ሊላላ የሚችልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ቆጠራው ነው፤ በግምት የተሞላ ኮታ ገንዘቡንም እንስሳውንም ያሳጣል። ሁለተኛው ክፍፍሉ ነው። የክልሉ ድርሻ ግምጃ ቤት ገብቶ ከሌላው ገቢ ጋር ከተቀላቀለ፣ እንስሳው ወደሚኖርበት ቀበሌ ምን ያህል እንደተመለሰ ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። ከጥበቃው ምንም ያላገኘ ነዋሪ ደግሞ ጫካውን ለመጠበቅ የሚያነሣሣው ነገር ያጣል።

ሰሜን ተራሮች ያሳዩት

በአማራ ክልል የጥበቃ ገንዘብ ከአርሶ አደር ሕይወት ጋር በግልጽ የተገናኘበት ቦታ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም በዋልያ ቁጥር መመናመን ሳቢያ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመካከሉ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የግጭ መንደር አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደርጓል።

እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የገንዘብ ቁጥጥር ደረሰኝ ከማመሳከር ያለፈ ትርጉም አለው። ካሳው በተገቢው ስሌት ተሰልቶ ነበርን? በወቅቱ ለባለ መብቱ ደርሷልን? ገበሬ የነበረ ሰው በከተማ የሚተዳደርበት ሥራ አግኝቷልን? የዋልያው ደኅንነትና የተነሺው ኑሮ በአንድ መዝገብ ላይ የሚታዩ ናቸው።

ተቆጣጣሪው ማን ነው?

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 የፌዴራል ዋና ኦዲተር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ፣ የተመደበው በጀት በአግባቡ ለታለመለት ሥራ መዋሉን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያሳውቅ ያዛል። በክልሉም ተመሳሳይ ኃላፊነት ያለው ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አለ።

ኦዲቱ ሁለት ዓይነት ነው። የፋይናንስ ኦዲት ገንዘቡ በሕጉና በመመሪያው መሠረት መውጣቱን ያያል፤ የክዋኔ ኦዲት ደግሞ ሥራው ውጤት ማምጣቱን ይመረምራል። ለምሳሌ ለጥበቃ ሠራተኞች የደንብ ልብስና ጫማ ቢገዛ፣ የመጀመሪያው ደረሰኙንና የጨረታ ሰነዱን ያጣራል። ሁለተኛው ግን ጫማውን ያደረገው ጥበቃ በእርግጥ ጫካውን ይዞራልን፣ ሕገ ወጥ አደኑስ ቀንሷልን ብሎ ይጠይቃል። ደረሰኙ የተሟላ ሆኖ ጫካው ባዶ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

ሌሎች ከስሕተት የተማሩት

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣችው ሕግ በጠመንጃና በጥይት ሽያጭ ላይ የሚሰበሰበው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ወሰነች። ከዚህ ገንዘብ የሚካፈል ግዛት ሁሉ የአደን ፈቃድ ክፍያን ለሌላ ጉዳይ እንደማያውል በራሱ ሕግ ማረጋገጥ ግድ ሆነበት። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1999 የምክር ቤቱ የኦዲት ተቋም በፌዴራል ደረጃ ለአስተዳደር ተብሎ በተቀነሰው ገንዘብ አያያዝ ላይ ጉድለት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት የአስተዳደር ወጪውን የሚገድብ ሕግ ወጣ። ጉድለቱ የተገኘው በጫካው ሳይሆን በቢሮው ነበር።

ዚምባብዌ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ የአደን ገቢን ለገጠር ነዋሪዎች ለማካፈል ሞክራለች። ገንዘቡ በወረዳ ምክር ቤቶች በኩል ያልፍ ስለነበር መንደሩ ዘንድ ሲደርስ ያንሳል የሚል ቅሬታ በረታ። በኋላም ድርሻው በቀጥታ በማኅበረሰቡ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ የሚያደርግ አሠራር ተጀመረ። ገንዘብ የሚያልፍባቸው እጆች በበዙ ቁጥር በየመንገዱ የሚቀረውም እንደሚበዛ ልምዱ አሳይቷል።

ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሥር በሰደደበት አገር ቁጥጥርን ለኦዲተር ብቻ መተው አያዋጣም። ለነዋሪው ክፍት የሆኑ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የበጀት ሰሌዳ ነው። በመንግሥት ፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት አሠራር መሠረት ወረዳዎች የጸደቀውን በጀትና የወጣውን ወጪ ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ ይጠበቃል። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው የመረጃ ጥያቄ ነው። ዐዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት እንዳለበት ደንግጓል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብና ቅጂው ቢቀመጥ ይመረጣል። መልስ ያጣ ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ያቀርባል።

ሦስተኛው የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ተመራጭ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ ጥያቄው ሰሚ የሚያገኘው በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ የተያዘው ስንት ነው? ካለፈው ዓመትስ ምን ተሠራበት? እህልን ከአውሬ ለመከላከል ወይም ጅብ ከብት ለበላበት ሰው የተያዘ ርዕስ አለ? ገቢ ካለ የቀበሌው ድርሻ የት ገባ?

ብልሹ አሠራርን የጠረጠረ ሰው ደግሞ ለክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ጥቆማ መስጠት ይችላል። ቀን፣ ቦታና የገንዘብ መጠን የያዘ ጥቆማ ከሐሜት ይልቅ ለምርመራ ይረዳል።

እሸት በሚደርስበት ወቅት በማማ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ከትምህርቱ የሚቀረው ለቤተሰቡ ማሳ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ዝንጀሮው በሕግ የተጠበቀ የአገር ሀብት በመሆኑ የጥበቃውን ዋጋም ሳያውቀው እየከፈለ ነው። አገር በበኩሏ ለዚሁ ሀብት የመደበችው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ለቤተሰቡ የማሳየት ግዴታ አለባት።