አራተኛው ምልልስ

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ት/ቤት አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ለማስመዝገብ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ልጁ ዳውን ሲንድሮም አለበት። «ሌሎቹን ይረብሻል» ተብላ ተመለሰች። እኛም፣ እውነቱን እንናገርና፣ ቆመን አየን እንጂ ቃል አልተነፈስንም።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞሶሞች አሉት። በእነዚህ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ 21ኛው በሁለት ፈንታ ሦስት ስለሚሆን ድምሩ 47 ይደርሳል። ይህንንም ዤሮም ሌዠንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ አድርገዋል። እንግዲህ እርግማንም የእናት ጥፋትም አይደለም። ይህንኑ ለጎረቤት፣ ለዕድርተኛው ማስረዳት የእናቲቱ የዘወትር ሥራ ሆኗል።

ጡንቻቸው ልል ስለሆነ መራመድም መናገርም ይዘገያሉ። ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ ጆሯቸውም ይመርመር። ታዲያ ከሚናገሩት ይበልጥ ይገባቸዋል፤ ከሰሙት ይልቅ ያዩት ይያዝላቸዋል። እናቲቱ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም፤ ሲኒ፣ ጫማ፣ ዳቦ በካርቶን ላይ እየሳለች ልጇን ስታስጠና ደረሰችበት።

በአራተኛው ምልልስ ካርቶኖቹን በርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። ልጁ አንድ በአንድ እያነሳ ስማቸውን ጠራ፤ «ጫማ» ላይ ምላሱ ቢያዝም አልተወውም።

«እስቲ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ይሞከር» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ካርቶኖቹን ተውሰን ገልብጠናል፤ ማየት የሚፈልግ መኝታ ክፍላችን ጎራ ይበል።