ምርቃና ሌላ፣ ቅዠት ሌላ

ከሰዓት በኋላ ከሚሴ ላይ የጫት ነጋዴ እጅ አያርፍም። እስሩን በእርጥብ ቅጠል ይሸፍናል፣ ውሃ ይረጫል፣ ከፀሐይ ያሸሻል። ገዢውም ዛሬ የተቆረጠውን ከትናንቱ ለይቶ ነው የሚያነሣው። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። የለጋው ቅጠል ዋና አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ ጫቱ ከተቆረጠ በኋላ ሲጠወልግ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ንጥረ ነገር ይለወጣል። የጫት መኪና በደሴ መንገድ እንደ አምቡላንስ የሚከንፈው ስለዚህ ነው።

ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። 100 ግራም ለጋ ጫት ውስጥ በአማካይ 36 ሚሊ ግራም ካቲኖንና 120 ሚሊ ግራም ካቲን ተለክቷል፤ መጠኑ ግን ከአገር አገር፣ ከጫት ጫት በእጅጉ ይለያያል። ቃሚው ጉንጩን ወጥሮ ሲያመነዥክ ንጥረ ነገሩ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል፤ ጣራ የሚነካው ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። አንጎል ውስጥ ሲደርስ የነርቭ ሕዋሳት ያከማቹትን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። ያኔ ጨዋታው ይደራል፤ እንቅልፍና ረሃብ ይጠፋሉ፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራሉ። ምርቃና ማለት ይኸው ነው። ቆይቶ ወሬው ይበርድና ሁሉም በየሐሳቡ ይሰጥማል። ሌሊቱን ደግሞ ዱካክ የሚባለው አስጨናቂ ሕልም የሚጠብቀው አለ።

ወሎ ውስጥ ጫት ከዱዓ ጋር የቆየ ትስስር አለው። ወዳጃ ለሚባለው የጋራ ዱዓ ሲሰበሰቡ ጫቱ፣ ቡናውና ዕጣኑ አብረው ይቀርባሉ። ቡታጅራ ላይ 10,468 ጎልማሶችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፤ ግማሾቹ በወቅቱ ይቅሙ ነበር፤ ከቃሚዎቹ 80 በመቶ ያህሉ ምክንያታቸው ለጸሎት ሐሳብን መሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል። ለዱዓ የሚፈለገው ንቃት እንጂ ራእይ አይደለም፤ ጫትም የሚሰጠው ይህንኑ ንቃት ነው።

ሳይኬዴሊክ የሚባሉት ቅዠት አምጪ ንጥረ ነገሮች ግን የሚያንኳኩት ሌላ በር ነው። ኤልኤስዲም ሆነ አንዳንድ እንጉዳዮች ውስጥ ያለው ሲሎሳይቢን በዋናነት የሚሠሩት ሴሮቶኒን በሚቀበለው፣ 2ኤ በተባለው ተቀባይ ላይ ነው። ቀለም ይደምቃል፣ ግድግዳ ይተነፍሳል፣ ሰዓት ይለጠጣል፣ «እኔ» የሚለው ስሜት ራሱ ይላላል። የሚገርመው መጠኑ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ኤልኤስዲን እ.ኤ.አ. በ1938 ሠራ፤ በሚያዝያ 1943 ራሱ ላይ ሲሞክረው የወሰደው ሩብ ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲመለስ ዓለም ተጣመመበት፤ ያበደ መስሎት ሐኪም አስጠራ።

ሆፍማን የተነሣው ኤርጎት ከሚባል፣ በእህል ዛላ ላይ ከሚበቅል ፈንገስ ነው። ወሎም ይህን ፈንገስ ታውቀዋለች፤ ያወቀችው ግን በመከራ ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የገብሱን ማሳ ሲናር ወረረው፤ ሲናሩን ደግሞ ኤርጎት ያዘው። እህሉን የበላው ገበሬ አካሉ ዛለ፣ ቆዳውን እንደ ጉንዳን የሚሄድበት ነገር ወረረው፣ አቃጠለው። መርዙ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ እግርና እጅ ደም እያጣ ጠቆረ፤ ተቆርጦ የወደቀበትም ነበር። ከተመዘገቡት 140 ያህል ታማሚዎች ሲሦው ሞቱ፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ከ5 እስከ 34 ዓመት ዕድሜ ውስጥ የነበሩ ናቸው። እህሉ ሲመረመር የተገኘው ኤርጎሜትሪን ነው፤ የኤልኤስዲ የሥጋ ዘመድ፣ በሐኪም እጅ በልኩ ሲሰጥ ደግሞ የወላድን ደም የሚያቆም መድኃኒት።

ወደ ጫቱ ስንመለስ፣ ምርቃናም ድንበር አለው። ቀን ከሌት የሚቅም፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሊጠራጠር፣ ያልተነገረ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ይህ ሕመም ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ «ምርቃናው በርትቶበት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። የአእምሮ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰውም ከጫት ቢርቅ ይሻለዋል።

ሕጉ ግን ጫትንና ሳይኬዴሊኮችን ያቀራርባቸዋል። በተባበሩት መንግሥታት የ1971 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ካቲኖን ከኤልኤስዲ ጋር በአንድ፣ እጅግ ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ ተቀምጧል። ቅጠሉ ራሱ በዝርዝሩ የለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች፤ ኢትዮጵያ ግን ታክስ ትሰበስብበታለች፣ ወደ ውጭም ትልከዋለች።