ገብሱን ያዳነው ጉድለት

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መገባደጃ የጀርመን ዘር ሰብሳቢዎች ከኢትዮጵያ ደጋ ማሳዎች የገብስ ዘር ይዘው ተመለሱ። አበው «የእህል ንጉሥ» የሚሉት ገብስ በዚህ ምድር ለሺህ ዓመታት ሲዘራ ስለኖረ መልኩ ብዙ ነው፤ ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ፣ ለቆሎ የሚሆን አለ፣ ለጠላ የሚመረጥ አለ። ከዚህ ዘር የወጣው «ኤል 92» የተባለ መስመር የአውሮፓን ገብስ ለአሥርት ዓመታት ከአንድ ፈንገስ እንደሚጠብቅ ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

ፈንገሱ የያዘው ቅጠል ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ብናኙ በነፋስ ተጉዞ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሕዋሱን ግድግዳ በስቶ ይገባል፣ ከዚያም ምግቡን ይመጥጣል። ገብሱ ባይሞትም ፍሬው ይቀጭጫል።

በ1942 በጀርመኗ ሃሌ ከተማ ፍራይስሌበንና ላይን የተባሉ ተመራማሪዎች የገብስ ዘርን በኤክስሬይ መቱ። ጨረራ ዘረመልን እንደሚለውጥ ቀደም ሲል ታውቋል፤ አሜሪካዊው ሙለር በ1927 በዝንብ ላይ፣ ስታድለር ደግሞ በ1928 በገብስ ላይ አሳይተዋል። የሃሌዎቹ ተመራማሪዎች ከተመታው ዘር ከበቀሉት መካከል ፈንገሱ የማይደፍረው ገብስ አገኙ።

በኋላ እንደታየው፣ በጀርመን ኤክስሬይ የተወለደው ገብስና ከኢትዮጵያ የሄደው ገብስ የተለወጡት በአንድ ዘረመል ላይ ነው። ኤም ኤል ኦ ይባላል። በ1997 ተለይቶ ሲነበብ ነገሩ ይበልጥ አስደነቀ፤ ጤነኛው ዘረመል ራሱ ለፈንገሱ በር የሚከፍት ሆኖ ተገኘ። ዘረመሉ ሲበላሽ ተክሉ ፈንገሱ ሊበሳ ከሚሞክርበት ቦታ ላይ ግድግዳውን አወፍሮ ይዘጋል። በሃሌው ገብስ ጨረራው ዘረመሉን ራሱን ለወጠው። በኢትዮጵያው ገብስ ግን የዘረመሉ ቁራጭ ተባዝቶ አጠገቡ ስለተደረደረ ሥራው ታወከ። ይህን ማንም ሰው አላደረገውም፤ በማሳ ላይ በራሱ ሆነ፣ ዘሩን ከዓመት ዓመት እየመረጡ ያቆዩት ገበሬዎችም ጠብቀው አስተላለፉት። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ ጨረራ የሚሠራው ተአምር አይደለም፣ ተፈጥሮ በዝግታ የምታደርገውን ያፋጥናል እንጂ።

ወደ ገበያ የገባው ግን የኢትዮጵያው ነው። በ1979 «አቴም» የተባለው ዝርያ ይህንኑ ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የጸደይ ገብስ መከላከያው ከአርባ ዓመት በላይ ጸንቷል። ዋጋ ግን አለው፤ ቅጠሉ ላይ ራሱ ያመጣው ነጠብጣብ ይታያል፣ አንዳንድ ሌሎች ፈንገሶችም እሱን ማጥቃት ይቀልላቸዋል።

አርባ ዓመት ለሰብል በሽታ ረጅም ዕድሜ ነው። የስንዴን የግንድ ዋግ ማየት ይበቃል። በ1998 በዩጋንዳ የተገኘው «ዩጂ 99» ዓለም የተማመነበትን አንድ የመከላከያ ዘረመል ሰብሮ በ2003 ኢትዮጵያ ደረሰ። በ2013 ደግሞ ሌላ የዋግ ዘር በአርሲና በባሌ «ዲገሉ» የተባለውን ስንዴ ጠራርጎ መታ፤ ዲገሉ የተሰራጨው ግን ከ2010 የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ገበሬው አንዱን ሲያመልጥ ሌላው ያገኘዋል። ጎረቤት ኬንያ በ2014 «ኤልዶ ንጋኖ 1» የተባለውን ዩጂ 99ን የሚቋቋም ስንዴ ያወጣችው በጨረራ ከተለወጠ ዘር ነው።

ዛሬ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው የኮባልት 60 ጋማ ጨረር ነው። ተራ ኮባልት በኑክሌር ማብላያ ውስጥ ኒውትሮን ሲያርፍበት ኮባልት 60 ይሆናል፤ ኃይሉም በ5.27 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። ደረቅ የእህል ዘር 200 ግሬይ ያህል ተቀብሎ ሊበቅል ይችላል፣ ለሰው ግን 4 ወይም 5 ግሬይ ያለ ሕክምና ለሞት ይበቃል። ዘሩ ጨረራ አምጪ አይሆንም፤ ኤክስሬይ የተነሳ እጅ እንደማያበራ ሁሉ።

አደጋው ያለው ምንጩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥበቃው የማብላያው አጥር ላይ አያበቃም። በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተተወ ሕክምና ቤት የሲዚየም 137 መሣሪያ ቁራጭ ብረት ለቃሚዎች ወስደው ፈቱት። 4 ሰዎች ሞቱ፣ ከ100,000 በላይ ነዋሪዎች ተመረመሩ። በመሣሪያው ውስጥ የነበረውን የሲዚየም ዱቄት ያዩት ሰዎች በጨለማ ስለሚያበራ ወደዱት፣ ለዘመድም አካፈሉት።

በኢትዮጵያ የዘር ባንክ ከተቋቋመበት ከ1976 ጀምሮ ከ10,000 በላይ የገብስ ናሙናዎች ተሰብስበዋል። አብዛኞቹ የመጡት በጨረራ ካልተነካ የገበሬ ማሳ ነው።