ክፍት የሥራ ቦታችሁ ጎግል ላይ ለምን አይገኝም? ተረትና እውነታ

አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ የሚገለብጥ ወጣት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ያው ወጣት ዛሬ ስልኩን አውጥቶ «የአካውንታንት ሥራ አዲስ አበባ» ብሎ ይፈልጋል። እናንተም አካውንታንት ትፈልጋላችሁ፣ ማስታወቂያውንም በድረ ገጻችሁ አውጥታችኋል። እሱ ግን አያገኛችሁም። መሐል የገቡት ብዙ ጊዜ እነዚህ እምነቶች ናቸው።

ተረት፦ ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያ ስካን አድርጎ መለጠፍ ይበቃል።

እውነታ፦ ለሰው ዓይን የተሟላ ነው፤ ለፍለጋ ግን አንድ ፎቶ ነው። ጎግል አንብቦ የሚመዘግበው በዋናነት በጽሑፍ የሰፈረውን ነው። ስካኑ ይያያዝ፤ ተፈላጊ ችሎታው፣ የሥራ ልምዱና የማመልከቻ መንገዱ ግን ገጹ ላይ በፊደል ይጻፉ። ስልካቸው ጽሑፍ እያነበበላቸው ሥራ የሚፈልጉ ዓይነ ስውራንም ማስታወቂያውን የሚሰሙት ያኔ ነው።

ተረት፦ «ክፍት የሥራ ቦታዎች» የሚል ገጽ ስላለን አሥሩንም መደብ እዚያው መደርደር ነው።

እውነታ፦ እያንዳንዱ መደብ የራሱ ገጽና የራሱ አድራሻ ያስፈልገዋል። ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የጀመረው፣ በኋላም ወደ ሌሎች አገሮች ያሰፋው የሥራ ፍለጋ አገልግሎት «ጆብ ፖስቲንግ» የሚባል ምልክት ከገጹ ኮድ ያነባል። ምልክቱ የሚቀመጠው በዝርዝሩ ገጽ ሳይሆን በአንዱ ሥራ ገጽ ላይ ነው። መሠረታዊዎቹ መረጃዎች አምስት ናቸው፦ የሥራው መጠሪያ፣ ዝርዝሩ፣ የወጣበት ቀን፣ የቀጣሪው ስምና የሥራው ቦታ። አገልግሎቱ በሁሉም አገር የለም። ሆኖም በተራው ፍለጋም ቢሆን ስለ አንድ ሥራ ብቻ የሚናገር ገጽ ከተቀላቀለ ዝርዝር ይልቅ ለጠያቂው በቀጥታ ይመልሳል።

ተረት፦ የመደቡ መጠሪያ መዋቅራችን ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት።

እውነታ፦ «የፋይናንስ ኦፕሬሽን ኦፊሰር፣ ደረጃ 9» ብሎ የሚፈልግ ሰው ከእናንተው ቢሮ ውጭ አይገኝም። ሰው የሚጽፈው «አካውንታንት» ወይም «የሒሳብ ሠራተኛ» ነው። መጠሪያው ሰው የሚያውቀው ይሁን፤ ኮድና ደረጃ ወደ ዝርዝሩ ይውረዱ። ሁለቱም የአማርኛ መጠሪያዎች፣ የእንግሊዝኛውም ጭምር፣ በጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሯዊ ቦታቸው ይግቡ። በገጹ ኮድ ውስጥ ባለው የቁልፍ ቃላት መስመር መዓት ቃል መደበቅ ግን ልፋት ብቻ ነው፤ ጎግል ያንን መስመር ለፍለጋ ውጤት ደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናግሯል።

ተረት፦ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ማለት በቂ ነው።

እውነታ፦ ይህ አረፍተ ነገር አንባቢውን ያስቆጥረዋል፤ ቅዳሜ ይቆጠራል? በዓሉስ? ለማሽን ደግሞ ምንም ቀን አይነግረውም። የመጨረሻውን ቀን በግልጽ ጻፉ። እዚህ ላይ የእኛው ዘመን አቆጣጠር ወጥመድ አለው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ኮዱ ውስጥ የሚገባው 2025-10-15 ሆኖ ነው። የአይቲ ባለሙያችሁ 2018-02-05 ብሎ ካስገባው ዛሬ የወጣው ማስታወቂያ ከዓመታት በፊት ያለፈበት ይሆናል። ለሰው በአገራችን አቆጣጠር፣ ለማሽን በአውሮፓው ይጻፍ።

ተረት፦ ቦታው ቢሞላም ገጹ ቢቆይ አይጎዳም።

እውነታ፦ ይጎዳል፤ በቅድሚያ ሰውን። አንዲት እህት ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ አስነስታ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ በራችሁ ስትደርስ «ተይዟል» ትባላለች። ጎግልም ያለፈበት ሥራ ክፍት መስሎ እንዳይቀመጥ በደንቡ ይጠይቃል፤ ደንቡን የጣሰ ገጽ ከሥራ ፍለጋው ሊወጣ ይችላል። ቦታው ሲሞላ ገጹን አንሱ፣ ወይም መዘጋቱን ጽፋችሁ ምልክቱን ከኮዱ አውጡ።

ተረት፦ ለጎግል ማስታወቂያ የከፈለ በፍለጋው ይቀድማል።

እውነታ፦ የተከፈለበት ማስታወቂያ «ስፖንሰርድ» ተብሎ ለብቻው ይታያል፤ የተራውን ውጤት ደረጃ አይገዛም። ገጻችሁ መመዝገቡን የምታዩበት «ሰርች ኮንሶል» የተባለው መሣሪያ ነፃ ነው።

ዛሬውኑ ስልካችሁን አንሱና የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ሳትጠቅሱ የመደቡን መጠሪያና ከተማውን ብቻ ጽፋችሁ ፈልጉ። ሥራ ፈላጊው የእናንተን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ሙያውን ነው። በሙያው ሲጠራችሁ «አቤት» የሚል ገጽ አዘጋጁለት።